ያገለገለ የ2013 ሳዮን ኤፍ አር ኤስ ልግዛ ወይስ ገንዘብ ጨምሬ የ2017 ቶዮታ 86 ልውሰድ?

ጥያቄ፦ «የካምሪው ሰው»፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መኪና ጠለቅ ያለ ዕውቀት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቤት ያለው ካምሪ ከእንግዲህ ባለቤቴና ልጃችን የሚገለገሉበት ስለሚሆን፣ እኔ ከአሌክሳንድሪያ ታይሰንስ ለሥራ የምመላለስበት፣ በዚያውም ስነዳው ደስ የሚለኝ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ለመግዛት ተነሥቻለሁ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አዲስ አበባ በማኑዋል ስለሆነ ማርሽ በእጅ መቀየር ከናፈቀኝ ቆይቷል። የያዝኩት ገንዘብ 14,000 ዶላር ነው፤ አሳማኝ ምክንያት ካገኘሁ እስከ 17,000 ልለጥጠው እችላለሁ፣ ብድር ውስጥ ግን መግባት አልፈልግም።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሁለት መኪናዎች ላይ ዐይኔ አርፏል (የሞዴል ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የመጀመሪያው የ2013 ሳዮን ኤፍ አር ኤስ ነው፤ ማኑዋል፣ 84,000 ማይል የሄደ፣ ሻጩ ግለሰብ፣ የሚጠይቅበት ዋጋ 10,800 ዶላር። መኪናው ዝቅ እንዲል ሞላዎቹ ተቀይረዋል፣ ማርሚታውም ኦሪጅናል አይደለም። ካርፋክሱ (የመኪናው የአደጋና የአገልግሎት ታሪክ ሪፖርት) ላይ ከኋላ የደረሰ ቀላል ግጭት ተመዝግቧል፤ ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) ግን ንጹሕ ነው። በሻንሲ ቁጥሩ የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስፈልግ ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት ለማስተካከል የሚያወጣው የጥገና ጥሪ) እንደሌለበት አይቻለሁ፤ ይህም ትልቅ እፎይታ ሰጥቶኛል። ሁለተኛው የ2017 ቶዮታ 86 ነው፤ እሱም ማኑዋል፣ 61,000 ማይል የሄደ፣ ምንም ያልተነካካ፣ ዲለር ዘንድ ያለ፣ ዋጋው 15,900 ዶላር።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሁለቱ መኪናዎች በመሠረቱ አንድ ከሆኑ የ5,000 ዶላር ልዩነቱ ምን ያስገኝልኛል? የ2013ቱን ለመግዛት ብወስን ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ማየት አለብኝ? ከኢንሹራንስ፣ ከቤንዚንና ከጥገና አንጻርስ በየቀኑ የሚነዳ ሰው ምን ይጠብቀዋል? ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «ጋራዥ ሲልቨር ስፕሪንግ»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በዚህ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ እነዚህን መኪናዎች ከላይም ከሥርም አውቃቸዋለሁ። መኪናዎቹ በመሠረቱ አንድ ናቸው ማለትዎ ትክክል ነው። ቶዮታና ሱባሩ አብረው ሠርተው በ2012 ገበያ ላይ ያዋሉት መኪና ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ሳዮን ኤፍ አር ኤስ፣ በሌላው ዓለም ቶዮታ 86 ወይም ጂ ቲ 86፣ በሱባሩ በኩል ደግሞ ቢ አር ዚ ተብሎ ተሸጧል፤ የትኛውም ስም ይለጠፍበት የሚገጣጠመው ጃፓን፣ ጉንማ ውስጥ ባለው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። ቶዮታ ሳዮን የሚለውን ስም በ2016 ሲያቆም መኪናው ከ2017 ሞዴል ጀምሮ እዚህም ቶዮታ 86 ተባለ። ሞተሩ ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ተጋድመው የሚሠሩበት ባለ 2 ሊትር ቦክሰር ነው፤ በ2013ቱ 200፣ በ2017ቱ ማኑዋል 205 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ለአምስት የፈረስ ጉልበት ብሎ 5,000 ዶላር የሚጨምር ሰው አይኖርም፤ ትልቁ ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ለእርስዎ እፎይታ የሰጠዎት ነገር ነው እኔን የሚያሳስበኝ። በ2018 መጨረሻ ቶዮታና ሱባሩ የ2013 ሞዴሎቹን የቫልቭ ሞላዎች ለመቀየር ሪኮል አወጡ፤ ሞላው ከተሰበረ ሞተሩ በመንገድ ላይ ሊቆም ይችላል የሚል ምክንያት ነበረው። ቦክሰር ሞተር ላይ ቴስታታዎቹ (ቫልቮቹ ያሉባቸው የሞተሩ ራሶች) በግራና በቀኝ ጎን ስለሚቀመጡ፣ ሥራው ሞተሩን ከመኪናው ማውጣትን፣ የፊት ሽፋኑንም ፈትቶ እንደገና በማጣበቂያ ሲሊኮን መግጠምን የሚጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተራቸው የነከሰባቸው (ተጣብቆ የቆመባቸው) ባለቤቶች ብዙ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የተገኘው ምክንያት ሲገጠም የተረፈው ሲሊኮን ተቆርሶ ወደ ዘይት መያዣው በመውደቅ ዘይቱ የሚሳብበትን ወንፊት መዝጋቱ ነው። ዘይት ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎዳው ፒስተኑን የሚይዘው ቢዬላ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚገናኝበት ኩሽኔታ ሲሆን፣ እሱ ከሄደ ሞተሩ ሄደ ማለት ነው።

እንግዲህ ያዩት ድረ ገጽ የሚያሳየው ገና ያልተሠራ ሪኮልን ብቻ ነው። የ2013 ሞዴል ሆኖ ምንም የለበትም ካለ፣ አንድም መኪናው ከመጀመሪያው በሪኮሉ ውስጥ ያልተካተተ ነው፣ አለዚያም ሞተሩ ወጥቶ፣ ተፈትቶ፣ ተመልሶ ገብቷል። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት ሪኮል አለበት ወይ ብለው ሳይሆን፣ ሥራው መቼ፣ በስንት ማይል፣ የት እንደተሠራና ደረሰኙ እንዳለ ነው። የሰማኋቸውና ያየኋቸው ብልሽቶች በአብዛኛው ከሪኮሉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ የደረሱ ናቸው፤ ሥራው ከተሠራ በኋላ 20,000 ወይም 30,000 ማይል በሰላም የሄደ ሞተር እኔን ብዙ አያስፈራኝም። ባለፈው ወር የተሠራለትን ግን እኔ አልገዛውም።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ። ወደ ሻጩ ከመሄድዎ በፊት መኪናውን እንዳያሞቀው ይንገሩት፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት፣ ሞቆ ከጠበቀዎት ሰውየው የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሞተሩ ሲሠራ ይህ መኪና ቀልጠፍ ያለ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ባለቤቶቹ በፌንጣ ይመስሉታል። የሚመጣው ከላይ ካለው ከፍተኛ ግፊት ካለው የቤንዚን ፓምፕ ስለሆነ ሊያስደነግጥዎ አይገባም። የሚያስፈራው ከሥር የሚመጣ፣ ከዙሩ ጋር አብሮ የሚፈጥን፣ ብረት በብረት እንደሚመታ ጠለቅ ያለ ኳኳታ ነው። ሞተሩ ሞቆ ነዳጅ ሰጥተው በተለይም እግርዎን ሲያነሡ ያዳምጡ፤ ያንን ድምፅ ከሰሙ ስለ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም፣ አመስግነው ይመለሱ።

የዚህ ሞተር አንድ ደግ ነገር የዘይት ፊልትሮው ከላይ፣ ኮፈን እንደተከፈተ በእጅ የሚደረስበት ቦታ መሆኑ ነው። ሻጩ ከፈቀደ ዘይቱንና ፊልትሮውን በራስዎ ወጪ ያስቀይሩና አሮጌውን ፊልትሮ መካኒኩ ቆርጦ ወረቀቱን ዘርግቶ እንዲያይ ያድርጉ። በብርሃን ሲታይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ኩሽኔታ እየተበላ ነው፤ ጥቁር ወይም ግራጫ የሆነ የሲሊኮን ቁራጭ ከተገኘም ወንፊቱ ላይ ያለው ከዚህ የበለጠ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። በዘይት ማፍሰሻው ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ወንፊቱን ማየትም ይቻላል። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሞተር ለመቀየር ከሚወጣው ጋር አይነጻጸርም።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ዝቅ የተደረገ መኪና ጎማውን ከውስጥ በኩል ስለሚበላ መሪውን አዙረው የጎማዎቹን የውስጥ ጠርዝ በእጅዎ ይዳብሱ። የፖርታ ባጋሊዮውን ምንጣፍ አንሥተው ወለሉ ላይ የተጨማደደ ላሜራ ወይም አዲስ ብየዳ እንዳለ ይመልከቱ፤ ካርፋክስ የሚጽፈው የተነገረውን ብቻ ስለሆነ «ቀላል ግጭት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ሊሸፍን ይችላል። የኋላ መብራቶቹ ውስጥ ውኃ መቋጠሩ የነዚህ መኪናዎች የታወቀ ጠባይ ነው። ፍሪሲዮኑን ሲረግጡና ሲለቁ የሚጮህ ኩሽኔታ ካለ ካምቢዮ መውረዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን አብሮ መቀየር ይሻላልና በዋጋው ላይ ይከራከሩበት።

መልስ፦ «ባለ ሰማንያ ስድስቷ»፣ ሲያትል

ከላይ ወንድማችን ስለ ሞተሩ የሚባለውን ሁሉ ብለዋልና እኔ ስለ ኑሮው ልናገር። የ2017 ቶዮታ 86 ከነዳሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ዝናብ በማይጠፋበት ከተማ፣ በሥራ ቀንም በእሑድም የምነዳው እሱን ነው።

በቅድሚያ መጠበቅ የሌለብዎትን ነገር ልግለጽ። ይህ መኪና ፈጣን አይደለም። ካምሪዎ ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሆነ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሞተሩ በደቂቃ ከ3,000 እስከ 4,500 ዙር በሚዞርበት ክልል ላይ ጉልበቱ የሚሰንፍበት ስፍራ አለ፤ አውራ ጎዳና ላይ ለመግባት የሚሮጥ ሰው ማርሹን አንድ ደረጃ ካላወረደ ያስተውለዋል። ኃይሉን በሙሉ የሚሰጠው ወደ 7,000 ዙር ሲጠጋ ነው። በአንጻሩ ክብደቱ 1,250 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፣ ሞተሩ ተጋድሞ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ኩርባ ላይ አይጋደልም፣ መሪውም የመንገዱን ጠባይ በቀጥታ ለእጅ ይነግራል። በ35 ማይል የከተማ ኩርባ ላይ ደስ የሚያሰኝ መኪና በዚህ ዋጋ ሌላ የለም ብዬ አምናለሁ። ፋብሪካው የገጠመው ጎማ እንኳ ለአንዳንድ ፕሪየስ የሚገጠመው ዓይነት ሚሽሊን ነበር፤ መኪናው በትንሽ ፍጥነትም እንዲጫወት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ያ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ቶሎ ስለሚንሸራተት እኔ በተሻለ ጎማ ለውጬዋለሁ፤ የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ስለሆነ እናንተ ዘንድ በረዶ ሲጥል የክረምት ጎማ ካልተገጠመለት ከቤት አያውጡት።

ቤንዚኑ ውድ የሆነው፣ ፕሪሚየም የሚባለው ነው። የሞተሩ እመቃ 12.5 ለ 1 ስለሆነ ርካሹን ቤንዚን ለመሞከር እንዳያስቡ። የ2013 ማኑዋሉ በይፋዊው ግምት በከተማ 22፣ ከከተማ ውጭ 30 ማይል በጋሎን ይሄዳል፤ የሚገርመው አውቶማቲኩ 25 እና 34 ስለሚሄድ የተሻለ ነው። እናንተ ያላችሁበት መንገድ ጠዋትና ማታ ቆም ሄድ የሚልበት ከሆነ፣ የማኑዋል ናፍቆትዎ ከእግርዎ ጋር እንዲመካከር ይተዉት። አንዳንድ ሻጮች አውቶማቲኩን በርካሽ ይሰጣሉ፤ እንደ እኔ ትዝብት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረጋ ባለ ሰው ሲነዳ የኖረ ነው።

ልጅ አለን ብለዋል። የኋላ ወንበሩ የሕፃን መቀመጫ ማሰሪያ አለው፤ ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን መቀመጫ ግን ሲገባ የፊተኛው ተሳፋሪ ጉልበቱን ከዳሽቦርዱ ጋር ያጋጫል። ትንሽ ያደገ ልጅ ለአጭር ጉዞ ይቀመጣል፤ አዋቂን እዚያ ማስቀመጥ ግን ጭካኔ ነው። የኋላ ወንበሩ ሲተኛ ግን አራት ጎማ ከነቸርኬው ይይዛል፤ እኔ የአርባ ቀን ድግስ ዕቃ ጭኜበት አውቃለሁ። በሩ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ጠባብ ፓርኪንግ ላይ ከጎንዎ ያለውን መኪና እንዳይነካ ልማድ ያስፈልገዋል።

ከሁለቱ የትኛውን ላሉት ግን እኔ ያልተነካካውን እመርጣለሁ። የ2017ቱ ከቫልቭ ሞላው ሪኮል ውጭ ነው፤ 5,000 ዶላሩ የሚገዛልዎት እሱን ነው። የ2013ቱን ዝቅ ለማድረግ የእግሩን ሞላ የቀየረ ሰው ሌላ ምን እንደቀየረ አይታወቅም፤ የሞተሩን ኮምፒውተር በሌላ ፕሮግራም ሞልቶት፣ ለሽያጭ ሲል ወደ ድሮው መልሶት ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ «የፌርፋክስ ነዋሪ»

ስለ መኪናው ጥራት በቂ ስለተባለ፣ በቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ብቻ የሚመለከቱ ጥቂት ነገሮችን ላክል።

ዲ ኤም ቪ (የስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ታይትሉን ወደ ስምዎ ሲያዞር የሽያጩን 4.15 ከመቶ ያስከፍላል፤ ለ2013ቱ ወደ 448፣ ለ2017ቱ ወደ 660 ዶላር ይሆናል። ዲለሩ በዚህ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር የወረቀት ማስፈጸሚያ ይጨምራል፤ 15,900 ያሉት መኪና 17,000 ጋ እንዳይደርስብዎ አጠቃላይ ዋጋውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያም ከተማው በየዓመቱ የመኪናውን ግምት መሠረት አድርጎ የንብረት ግብር ይጠይቃል፤ ከሌላ ስቴት የመጡ ወገኖቻችን ይህን ሲያዩ ሁልጊዜ ይደነግጣሉ። ከግለሰብ ሲገዙ ሰሌዳው ሻጩ ጋር ስለሚቀር መኪናውን ወደ ቤት የሚነዱበትን ጊዜያዊ ሰሌዳ አስቀድመው ያዘጋጁ።

መኪናው በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለበት። ሻጩ ማርሚታውን ሲቀይር የጭስ ማጣሪያውንም አንሥቶት ከሆነ ምርመራውን አያልፍም፤ ኦሪጅናሉ ዕቃ ተቀምጦ እንደሆነ ይጠይቁና ካለ አብሮ እንዲሰጥዎ ያድርጉ።

መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት የኢንሹራንሱን ዋጋ በሁለቱም የሻንሲ ቁጥሮች ያስጠይቁ። ዕድሜዎ ከ25 በላይ ከሆነና መዝገብዎ ንጹሕ ከሆነ ልዩነቱ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ኩባንያዎች ግን አዲስ አበባ የነዱበትን ዘመን እንደ ልምድ አይቆጥሩትም። ስለ ትርፍ ሥራ አስበው ከሆነም፣ ኡበርና ሊፍት ባለ ሁለት በር መኪና አይቀበሉም።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። በቨርጂኒያ ሕግ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል መብለጥ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ጥፋት ሳይሆን በግዴለሽነት የመንዳት ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። 65 በሚፈቅድ መንገድ ላይ 86 መንዳት ለዚህ ይበቃል። የዜግነት ማመልከቻ ስለ እስርና ስለ ክስ ስለሚጠይቅ፣ ገና ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው በጮኸ ማርሚታ የፖሊስን ዐይን ከመሳብ ቢቆጠብ ይመረጣል። የፍጥነት ራዳርን ቀድሞ የሚጠቁመውን መሣሪያ መጠቀምም በቨርጂኒያ ክልክል ነው።

መልስ፦ «ቆጣቢው»፣ አትላንታ

ሁላችሁም ስለ አንድ መኪና ብቻ ስታወሩ ሳይ ገረመኝ። ጠያቂው የሚፈልጉት ባለ ሁለት በር፣ ማኑዋልና አስደሳች መኪና ከሆነ፣ የ2014 ወይም የ2015 ሆንዳ ሲቪክ ኤስ አይ ኩፔ ለምን አልታሰበም? ባለ 2.4 ሊትር ሞተር፣ 205 የፈረስ ጉልበት፣ የኋላ ወንበሩ ሰው የሚቀመጥበት፣ መለዋወጫው በየትም የሚገኝ ነው። ሆንዳ የሲቪክ ኩፔን ከ2020 ሞዴል በኋላ መሥራት ስላቆመ ደህና የተያዘው ዋጋው ቶሎ አይወርድም። የፊት ጎማው የሚጎትተው መኪና ስለሆነ በበረዶም ያን ያህል አያስጨንቅም።

ጉልበት ለሚፈልግ ደግሞ ኢንፊኒቲ ጂ 37 ኩፔ አለ፤ 330 የፈረስ ጉልበት በዚሁ ዋጋ ይገኛል። ቤንዚን ጠጪ መሆኑን፣ በቀደሙት ዓመታት ሞዴሎች ላይም በሞተሩ የፊት ሽፋን ውስጥ ያለው የዘይት መተላለፊያ ጋስኬት እየተበላ የዘይት ግፊት እንደሚያወርድ አውቆ መግዛት ነው። የቦክሰር ሞተር ፍቅር ያልያዘው ሰው ሞተሩ ወጥቶ ስለገባ መኪና ይህን ያህል የሚጨነቅበት ምክንያት አይታየኝም።

መልስ፦ «ባለ ሰማንያ ስድስቷ»፣ ሲያትል

ወንድሜ ቆጣቢው፣ ሲቪኩ ጥሩ መኪና መሆኑን አልክድም፤ ጠያቂው ቢያንስ አንዱን ነድተው ቢያዩትም ደስ ይለኛል። ሆኖም የፊት ጎማው የሚጎትት መኪና ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ሲሰጡት ወደ ውጭ ይገፋል፤ 86ቱ ደግሞ ከኋላ እየተገፋ ወደ ውስጥ ይዞራል። ለዚህ ልዩነት ግድ የማይሰጠው ሰው ሲቪኩን ይግዛ፣ ገንዘቡም ይተርፈዋል። የሚሰጠው ሰው ግን ሲቪኩን ገዝቶ ከዓመት በኋላ መሸጡ አይቀርም።

ጥያቄ፦ «የካምሪው ሰው»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሻጩን ጠይቄው የሪኮሉን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ልኮልኛል፤ ሥራው በ2019 አንድ የቶዮታ ዲለር ዘንድ፣ በ47,000 ማይል ተሠርቷል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ 37,000 ማይል ሄዷል ማለት ነው። ምርመራውን ፈቅዷል፣ ፊልትሮውን ማስቆረጥ እፈልጋለሁ ስለው ግን ትንሽ ተገርሟል። ኦሪጅናሉ ማርሚታ ጋራዡ ውስጥ እንዳለ፣ ኦሪጅናሎቹን የእግር ሞላዎች ግን እንደጣላቸው ነግሮኛል። ዲለሩ ደግሞ ለ2017ቱ በጠቅላላው 17,300 ብሎኛል።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ወረቀቱ እንዲህ ከሆነ የ2013ቱን በስንት ብገዛው ተገቢ ነው ትላላችሁ? ሌላው፣ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ «ሲሰለችህ ወደዚህ ትልከዋለህ» እያለኝ ነው፤ ይህ የሚቻል ነገር ነው?

መልስ፦ «ጋራዥ ሲልቨር ስፕሪንግ»

ከሁለተኛው ልጀምር፤ አይቻልም። መንግሥት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያ በር ተዘግቷል። ከዚያም በፊት ቢሆን ባገለገለ መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። ወንድምዎ በሌላ ነገር ይጽናኑ።

ወረቀቱ ግን ሐሳቤን ለውጦታል። 37,000 ማይል በሰላም ከሄደ፣ ፊልትሮውም ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ እኔ የ2013ቱን ከ2017ቱ አስቀድማለሁ፤ እህታችን ከሲያትል እንዳይከፉብኝ እንጂ። 17,300 ካሉት ገደብ አልፏል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ታክሱን ሲጨምሩበት 6,000 ይጠጋል። በዚያ ገንዘብ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ አሞርዛተርና ፍሬን ተቀይሮ ብዙ ይተርፋል።

በዋጋው ላይ ሲነጋገሩ ሦስት ነገር በእጅዎ ይኖራል፦ የኋላው ግጭት፣ ኦሪጅናል ሞላዎቹ አለመኖራቸው፣ እንዲሁም ካንዴላዎቹ በ60,000 ማይል መቀየር የነበረባቸው መሆኑ። ካንዴላው ቀላል እንዳይመስልዎ፤ ሞተሩ ተጋድሞ ጎኖቹ ከሻንሲው ጋር ስለሚጣበቁ እጅ የሚገባው በጭንቅ ነው፣ ብዙ ባለቤቶችም ሳያስቀይሩት ያልፉታል። የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። 9,500 ብለው ይጀምሩ፤ 10,000 ላይ ቢዘጉት ተገቢ ዋጋ ነው እላለሁ። 2,000 ዶላር ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለብቻው ይቀመጥ።

ሻጩ ፊልትሮውን በመቁረጥ ላይ ሐሳቡን ከቀየረ ግን ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት፤ የ2013 ኤፍ አር ኤስ በየሳምንቱ ለሽያጭ ይወጣል። ከገዙት በኋላ 0 ደብሊው 20 ሲንተቲክ ዘይት በየ5,000 ማይሉ ይቀይሩ፣ ዲፕስቲኩንም (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ቤንዚን በሞሉ ቁጥር ይዩት። ምርመራውን ቅዳሜ ጠዋት ማድረግ ከፈለጉ በግል መልእክት ይጻፉልኝ፤ ሻጩ መኪናውን ሌሊት ውጭ አሳድሮ ሳያስነሣው እንዲጠብቀን ያድርጉ።